«ሥራ ላይ ነው» የተባለውን ፋይል ወይም መሣሪያ ማን እንደ ያዘው ስለ ማወቅ

አስተዋይ ሰው በሌላ ሰው እጅ ያለውን ዕቃ ለመውሰድ ሲፈልግ፥ አስቀድሞ የያዘው ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል እንጂ ዝም ብሎ አይነጥቅም። በጋሞ ደጋ ሸማኔው በጉድጓዱ ተቀምጦ ድሩን ወጥሮ ማጉን ሲወረውር ሳለ፥ «ልብሱ አስፈለገኝ» ብሎ ድሩን ቈርጦ የሚወስድ ሰው ቢኖር፥ የሚያገኘው የተበጣጠሰ ክር ነው እንጂ ሸማ አይደለም። የኮምፒዩተርም ነገር እንደዚሁ ነው። በውስጡ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሥራ ይዘው ስለሚውሉ፥ አንዱ የያዘውን ፋይል ሳይለቅ በኀይል የሚወስድበት ሰው የሚያተርፈው የተበላሸ ጽሑፍ ነው።

ይህ ነገር በገጠር ትምህርት ቤት ቀላል ነገር አይደለም። ለምሳሌ ያህል፥ በገረሴ የሚያስተምር አንድ መምህር የተማሪዎቹን የዓመት ውጤት በፍላሽ ላይ ገልብጦ ወደ አርባ ምንጭ ሊልክ ተነሣ እንበል። መኪናው ሊነሣ ጥሩንባውን እየነፋ ነው። መምህሩ ፍላሹን ከኮምፒዩተሩ ለማሰናበት ሲያዝ፥ ኮምፒዩተሩ «ዕቃው ሥራ ላይ ነው» የሚል አጭር መልስ ይሰጠዋል፤ ማን እንደ ያዘው ግን አይነግረውም። መምህሩ ቸኵሎ ፍላሹን ነቅሎ ሰደደው። መልእክተኛው አርባ ምንጭ ደርሶ ፍላሹን ቢሰካ መዝገቡ አልከፈት አለ። ዋናው ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቀርቶ እንደ ሆነ ጉዳቱ የመንገድ ድካም ብቻ ነው፤ ቅጂ ከሌለ ግን የልጆቹ የዓመት ሥራ ማስረጃ አጣ ማለት ነው።

መምህሩ ግን ሁለት ትእዛዞችን ቢያውቅ ኖሮ፥ የያዘውን ፕሮግራም በግማሽ ደቂቃ ውስጥ በስሙ ለይቶ፥ እንዲለቅ አድርጎ፥ ፍላሹን በሰላም በላከው ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው የእነዚህ ትእዛዞች አሠራር ነው።

1ኛ፤ «ሥራ ላይ ነው» የሚለው መልስ ትርጓሜ

ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዐት በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1991 ዓመት ተጀመረ። የጀመረውም በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። የአሠራሩም ፈለግ በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስ ነው። ይህ ሥርዐት ለኢትዮጵያ ልጆች እንግዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የታደሉት በሺህ የሚቆጠሩ ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖች በሊኑክስ የሚሠሩ ነበሩ፤ በብዙ ሰው ኪስ ያለው የአንድሮይድ ስልክም በውስጡ የሊኑክስ ከርነል አለው።

ከርነል ማለት የሥርዐቱ አስኳል ነው፤ ሥራውም እንደ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው። ማናቸውም ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት፥ ካሜራ ለማብራት፥ ወይም ድምፅ ለማሰማት ሲፈልግ በከርነሉ በኩል ያልፋል። ከርነሉም ማን ምን እንደ ከፈተ በመዝገቡ ይይዛል። ሰው «ፍላሹን አሰናብት» ሲለው መዝገቡን ያያል፤ ገና ያልዘጋ ፕሮግራም ካገኘ እምቢ ይላል። ስለዚህ እምቢታው ብልሽት አይደለም፤ ጥበቃ ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ ምክንያት አለ። ፍላሽ በአጻጻፉ ዘገምተኛ ስለ ሆነ፥ ከርነሉ የሚጻፈውን ሁሉ ወዲያው በፍላሹ ላይ አያሳርፈውም፤ ለጥቂት ጊዜ በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ያቆየዋል። በመስኮቱ ላይ «ተገልብጧል» የሚል ቃል ከታየ በኋላ እንኳ ከጽሑፉ ከፊሉ ገና በሜሞሪ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ፍላሹ ያን ጊዜ ቢነቀል፥ ወይም መብራት ድንገት ቢጠፋ፥ ያልተጻፈው ክፍል ይጠፋል። እንግዲህ ማሰናበት ማለት ሁለት ነገር ማድረግ ነው፤ ይኸውም በሜሞሪ የቀረውን ጽሑፍ በፍላሹ ላይ ማሳረፍና የተከፈተውን ሁሉ መዝጋት ነው።

2ኛ፤ ፕሮሰስ ምን እንደ ሆነ

ፕሮግራም በዲስክ ላይ ተጽፎ የተቀመጠ የሥራ መመሪያ ነው። ያ መመሪያ ተነሥቶ ሥራ ሲጀምር ፕሮሰስ ይባላል። መጽሐፍ በመደርደሪያ ሳለ መጽሐፍ ነው፤ ሦስት ተማሪዎች በሦስት ክፍል ሲያነቡት ግን ሦስት ንባብ ይሆናል። እንደዚሁም አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ብዙ ፕሮሰስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ከርነሉ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚህ በታች «የፕሮሰስ ቁጥር» የሚባለው ይኸው ነው።

ሊኑክስ ይህን መዝገብ ከሰው አይሰውርም። «ፒ አር ኦ ሲ» በሚባል ፎልደር ሥር ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ በቁጥሩ የተሰየመ ፎልደር አለ፤ በዚያም ውስጥ «ኤፍ ዲ» የሚባለው ፎልደር ፕሮሰሱ የከፈታቸውን ፋይሎች ያመለክታል። ሰው ይህን ሁሉ በእጁ እየገለጠ ቢመረምር ቀኑ ይመሽበታል። መዝገቡን ፈጥነው አንብበው መልሱን የሚያቀርቡ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፤ እነርሱም ፊውዘርና ኤል ኤስ ኦ ኤፍ ናቸው።

ትእዛዝ የሚጻፈው ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት ነው። ፊደሉ ላቲን ስለ ሆነ በዚህ ጽሑፍ እያንዳንዱ ፊደል በስሙ ተጠርቷል። «በትልቁ» ካልተባለ በቀር ሁሉም በትንሹ የላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ሥርዐቱ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ ሁለት ልዩ ልዩ ፊደል ያያልና።

3ኛ፤ ፊውዘር

የዚህ ትእዛዝ ፊደላት ኤፍ፥ ዩ፥ ኤስ፥ ኢ፥ አር ናቸው። አስቀድሞ ፍላሹ በኮምፒዩተሩ የተገጠመበትን አድራሻ ማወቅ ያስፈልጋል፤ «ዲ ኤፍ» የሚለው ትእዛዝ የተገጠሙትን ዲስኮች ሁሉ ከነአድራሻቸው ይዘረዝራል። አድራሻው ከታወቀ በኋላ ፊውዘር ተጽፎ፥ ክፍት ቦታ ተትቶ፥ ሰረዝ ቪ ኤም ይጨመራል፤ ከዚያም ክፍት ቦታ ተትቶ አድራሻው ይጻፋል። ቪ መልሱ በዝርዝር እንዲሆን ያደርጋል፤ ኤም ደግሞ በዚያ ፍላሽ ላይ ያለውን ፋይል ሁሉ እንዲያይ ያዝዛል።

መልሱ አራት ረድፍ አለው። የመጀመሪያው የተጠቃሚው ስም፥ ሁለተኛው የፕሮሰሱ ቁጥር፥ ሦስተኛው የአያያዙ ምልክት፥ አራተኛው የፕሮግራሙ ስም ነው። የአያያዙ ምልክት ዋና ቁም ነገር ስለ ሆነ ትርጓሜውን ማወቅ ይገባል። ኤፍ ቢሆን ፋይል ከፍቷል፤ ኤፍ በትልቁ ቢሆን ፋይሉን ሊጽፍበት ከፍቶታል፤ ኢ ቢሆን ፕሮግራሙ ራሱ የተነሣው ከፍላሹ ላይ ነው፤ ኤም ቢሆን ፋይሉን ከሜሞሪ ጋር አያይዞታል። ሲ ቢሆን ግን ምንም ፋይል ላይከፍት ይችላል፤ ፕሮሰሱ የቆመበት ፎልደር በፍላሹ ውስጥ ነው ማለት ነው። አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ ቆሞ ሳለ በሩን ቈልፎ መሄድ እንደማይቻል ያለ ነው። «ሁሉን ዘግቻለሁ፤ አሁንም እምቢ አለኝ» የሚል መምህር ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ይህን ሲ ነው፤ የያዘውም ራሱ ትእዛዝ የሚጽፍበት ተርሚናል ሆኖ ይገኛል።

በዝርዝሩ ራስ ላይ በቁጥር ፈንታ «ከርነል» የሚል መስመር ቢታይ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ፍላሹ መገጠሙን የሚናገር ነው እንጂ ያዥን የሚያመለክት አይደለም።

በዚህ ትእዛዝ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ሰረዝ ኬ የሚባለው ጭማሪ የያዙትን ፕሮሰሶች ሁሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይገድላል። ፍላሹ በተጻፈው አድራሻ ያልተገጠመ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ኤም የሚለው ምልክት አድራሻው ያለበትን ዲስክ በሙሉ ስለሚያይ፥ የኮምፒዩተሩ ዋና ዲስክ ተጠቃሚዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊገደሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሰረዝ ኬን የግድ የሚጠቀም ሰው፥ ከእያንዳንዱ በፊት ፈቃድ የሚጠይቀውን ሰረዝ አይ፥ እንዲሁም አድራሻው በእውነት ዲስክ የተገጠመበት ካልሆነ ሥራውን የሚከለክለውን ሰረዝ ኤም በትልቁ አብሮ ይጨምር።

4ኛ፤ ኤል ኤስ ኦ ኤፍ

ይህን መሣሪያ የሠራው በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቪክተር ኤብል ነው። የስሙም ፍቺ «የተከፈቱ ፋይሎች ዝርዝር» እንደ ማለት ነው። ፊውዘር ያዡን በአጭሩ ሲናገር፥ ይህ ግን የትኛው ፋይል በምን አኳኋን እንደ ተያዘ አንድ በአንድ ያስረዳል።

የትእዛዙ አራት ፊደላት ተጽፈው፥ ክፍት ቦታ ተትቶ፥ የፍላሹ አድራሻ ሲከተል በፍላሹ ላይ የተከፈተው ሁሉ ይዘረዘራል። ለአንድ ፎልደር ብቻ ሲፈለግ ከአድራሻው በፊት የመደመር ምልክትና ዲ በትልቁ ይጻፋል፤ ፎልደሩ ትልቅ ከሆነ ግን መልሱ ይዘገያል። የአንድ ፕሮሰስ ብቻ ሲፈለግ ሰረዝ ፒ ተጽፎ የፕሮሰሱ ቁጥር ይጨመራል።

በመልሱ ውስጥ በመጀመሪያ ሊታዩ የሚገቡት አራት ነገሮች ናቸው፤ የፕሮግራሙ ስም፥ የፕሮሰሱ ቁጥር፥ የአያያዙ ምልክትና በመጨረሻ የፋይሉ ስም። በአያያዙ ረድፍ «ሲ ደብልዩ ዲ» ቢገኝ ፕሮሰሱ በዚያ ፎልደር ቆሟል። ቁጥርና ፊደል ቢገኝ ፋይል ከፍቷል፤ ፊደሉ አር ቢሆን ለማንበብ፥ ደብልዩ ቢሆን ለመጻፍ፥ ዩ ቢሆን ለሁለቱም ነው። የሚጽፈውን አቋርጦ ማባረር የሚያነበውን ከማባረር ይልቅ አደገኛ ስለ ሆነ፥ ይህ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባዋል።

ፋይሎቻቸውን በአማርኛ ለሚሰይሙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድ የሚጠቅም ማስታወሻ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው፤ ብዙ ጊዜም እያንዳንዱ ፊደል በዲስክ ላይ በሦስት ባይት ይጻፋል። የኮምፒዩተሩ የቋንቋ ማስተካከያ ለዩኒኮድ ያልተዘጋጀ እንደ ሆነ፥ «ውጤት» የተባለው ፋይል በዝርዝሩ ላይ በግዕዝ ፊደል ሳይሆን፥ ኢ አንድ የሚል ምልክት እየተደጋገመበት በረጅም የቁጥርና የላቲን ፊደል ሰንሰለት ሊታይ ይችላል። ይህን ያየ ሰው ፋይሉ ተበላሸ ብሎ አይሥጋ፤ የተለወጠው የስሙ አጻጻፍ ብቻ ነው።

ሁለቱም ትእዛዞች ለተራ ተጠቃሚ የሌላውን ሰው ፕሮሰስ ሙሉ በሙሉ አያሳዩም። አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ መምህራን በሚያገለግልበት ስፍራ፥ የኮምፒዩተሩ ኀላፊ «ኤስ ዩ ዲ ኦ» የሚለውን ቃል በትእዛዙ ፊት አስቀድሞ ይመርምር።

5ኛ፤ ያዡ ከታወቀ በኋላ ስለሚደረገው ነገር

በጋሞ ምድር ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ሰዎች ተሰብስበው ነገር ይሰማሉ፤ ፍርድ የሚከተለው ቃል ከተሰማ በኋላ ነው። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በተቈጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ጥፋትን እንደ ከለከሉ አገር ሁሉ አይቷል። ልመና ከኀይል ይቀድማል የሚለው ይህ ሥርዐት ለኮምፒዩተርም ሥራ የተስማማ ነው፤ ደረጃውም እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፥ ፕሮግራሙ በመስኮት የሚታይ ከሆነ ሥራው ተመዝግቦ በደንቡ ይዘጋ። ያዡ ተርሚናል ከሆነ «ሲ ዲ» ብቻ ጽፎ ከፍላሹ ወጥቶ ወደ ራስ ፎልደር መመለስ ይበቃል።

ሁለተኛ፥ ፕሮግራሙ በመስኮት የማይታይ ከሆነ «ኬ አይ ኤል ኤል» ተጽፎ የፕሮሰሱ ቁጥር ይጨመር። የትእዛዙ ስም መግደል ማለት ቢሆንም፥ እንዲሁ ሲጻፍ የሚልከው 15ኛውን ምልክት ነው፤ ይኸውም «ሥራህን ፈጽመህ ውጣ» የሚል ጥያቄ ነው። በሚገባ የተሠራ ፕሮግራም ይህን ሲሰማ ፋይሉን ዘግቶ ይወጣል። ጥቂት ጊዜ መታገሥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ ይህም ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ ብቻ ከቁጥሩ በፊት ሰረዝ 9 ይጨመራል። ዘጠነኛው ምልክት ወደ ፕሮግራሙ አይደርስም፤ ከርነሉ ራሱ ፕሮሰሱን ያጠፋዋል። ፕሮግራሙ ያልመዘገበው ጽሑፍ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መፍትሔ ሊሆን አይገባውም።

አራተኛ፥ ፍላሹ «ዩ ኤም ኦ ዩ ኤን ቲ» በሚለው ትእዛዝና በአድራሻው ይሰናበት። በዚህ ቃል ብዙዎች ከዩ ቀጥሎ ኤን ጨምረው ይሳሳታሉ። ትእዛዙ ሥራውን ጨርሶ ተርሚናሉ ሌላ ትእዛዝ ለመቀበል እስኪመለስ ድረስ ፍላሹ አይነቀል። በዚህ ትእዛዝ ላይ ሰረዝ ኤል ሲጨመር ኮምፒዩተሩ ወዲያው እሺ ይላል፤ ነገር ግን የፍላሹን ስም ከዝርዝሩ ይሰውራል እንጂ የያዙት እስኪለቁ ድረስ ሥራው ከውስጥ ይቀጥላል። ይህ መልስ የሚያታልል ስለ ሆነ ለሚነቀል ፍላሽ አይጠቅምም።

6ኛ፤ ያዥ ሳይታይ ስለሚገጥም ችግር

አንዳንድ ጊዜ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ኮምፒዩተሩ አሁንም «ሥራ ላይ ነው» ይላል። ያን ጊዜ የሚመረመሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፥ በዚያው ዲስክ ውስጥ ሌላ ዲስክ ተገጥሞ እንደ ሆነ ነው፤ አስቀድሞ የውስጡ ይሰናበታል። ሁለተኛው፥ ከርነሉ ራሱ በዲስኩ ላይ ያለ ፋይልን ለሜሞሪ ማገዣ ይዞት እንደ ሆነ ነው፤ ይህ የፕሮሰስ ሥራ ስላልሆነ በዝርዝሩ አይገባም።

ደግሞ ያዡ ታውቆ ሳለ 9ኛውም ምልክት የማያነሣው ፕሮሰስ ይገኛል። «ፒ ኤስ» በሚለው ትእዛዝ ዝርዝር በሁኔታው ረድፍ ዲ በትልቁ ከታየበት፥ የመሣሪያውን መልስ እየጠበቀ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የደከመ ፍላሽ ወይም የላላ ገመድ ነው። እንዲህ ያለውን ፕሮሰስ መሣሪያው መልስ እስኪሰጥ ድረስ ምልክት አያስነሣውም።

ሌላው የሚያስገርመው ነገር ተሰርዞ ያልጠፋ ፋይል ነው። በሊኑክስ ፋይል ሲሰረዝ በመጀመሪያ የሚጠፋው ስሙ ነው፤ አንድ ፕሮሰስ ከፍቶ ይዞት እንደ ሆነ ግን ጽሑፉ እስኪለቀው ድረስ በዲስኩ ላይ ይቈያል። ብዙ ፋይል ተሰርዞ ሳለ «ዲስኩ ሞልቷል» የሚባለው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ኤል ኤስ ኦ ኤፍ ከተጻፈ በኋላ የመደመር ምልክት፥ ኤል በትልቁና 1 ሲጨመር እንዲህ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝራል። በዚህ ውስጥ መዳኛም አለ፤ መምህሩ የውጤቱን ፋይል በስሕተት ሰርዞ ሳለ የያዘው ፕሮግራም ገና ካልተዘጋ፥ ከላይ በተነገረው በፕሮሰሱ የኤፍ ዲ ፎልደር በኩል ጽሑፉን ወደ ሌላ ስፍራ ገልብጦ ማዳን ይችላል። ስለዚህ በስሕተት የሰረዘ ሰው ኮምፒዩተሩን ለማጥፋት አይቸኵል።

7ኛ፤ ስለ ሌሎች መሣሪያዎች

በሊኑክስ ካሜራውም የድምፅ መሣሪያውም «ዲ ኢ ቪ» በሚባለው ፎልደር ሥር እንደ ፋይል ይታያሉ። ስለዚህ «ካሜራው ተይዟል» ሲባል፥ ፊውዘር ሰረዝ ቪ ተጽፎ የካሜራው አድራሻ ቢጨመር፥ ተረስቶ የቀረው ፕሮግራም ይታወቃል። ለመረብ ግንኙነት ደግሞ ኤል ኤስ ኦ ኤፍ ሰረዝ አይ ሲጨመርበት፥ በመረብ የሚነጋገረውን ፕሮሰስ ሁሉ ያሳያል።

ዊንዶውስ በሚባለው ሥርዐት የሚሠሩ ትምህርት ቤቶችም ከዚህ ጥቅም አልራቁም። ሪሶርስ ሞኒተር በሚባለው ፕሮግራም፥ ሲፒዩ በሚለው ገጽ ላይ ባለው የመፈለጊያ ሣጥን የፋይሉ ስም ቢጻፍ፥ የያዘው ፕሮሰስ ከነቁጥሩ ይወጣል።

መደምደሚያ

በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ2012 ለወንጪና ለወለንጪቲ ልጆች ያለ አስተማሪ የተሰጡት ታብሌቶች ካሜራቸው ተዘግቶ ነበር። ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ መንገዱን ራሳቸው ፈልገው ካሜራውን እንደ ከፈቱት ተነግሯል። የገጠር ልጅ ይህን ያህል ማስተዋል ካለው፥ በገረሴም ያለ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ሆኖ እነዚህን ትእዛዞች ለመማር የሚሳነው አይደለም። ለማስተማርም አንድ አሮጌ ፍላሽና አንድ ኮምፒዩተር ይበቃል፤ መምህሩ ሆን ብሎ ፋይል ከፍቶ ይተው፥ ተማሪውም ያዡን ፈልጎ በስሙና በቁጥሩ ይናገር።

ከዚህ ልምምድ የሚገኘው ትምህርት ከፍላሽ ያለፈ ነው። «ሥራ ላይ ነው» የተባለ ሰው ከመንጠቅ በፊት «ማን ያዘው? ምን እየሠራበት ነው?» ብሎ መጠየቅን ይለምዳል። የተማሪዎች ውጤት፥ የትምህርት ቤቱ መዝገብና የመምህራን ድካም በትንሽ ፍላሽ በሚመላለስበት በዚህ ዘመን፥ ግማሽ ደቂቃ ጠይቆ መንቀል የአንድ ዓመት ሥራን ከጥፋት ያድናል።